ክብርና ብልቃጥ

ኳሷ ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ቀኑ የውድድሩ ማብቂያ ነው፣ ጉድጓዱም የመጨረሻው። ተጫዋቹ አራት ቀን ሙሉ ሜዳውን ሲያካልል ከርሞ አሁን የቀረው ይቺን ኳስ ቀስ አድርጎ መግፋት ብቻ ነው። ጉልበት አይጠይቅም፣ ፍጥነት አይጠይቅም፣ እጅ ረጋ ካለ ይበቃል። እጅ ግን አልረጋ ይላል። ልብ ይደልቃል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ በልምምድ ሜዳ ሺህ ጊዜ ቀጥ ብላ የሄደችው ዱላ በዚያች ቅጽበት ለዓይን በማይታይ መጠን ትዛነፋለች። ኳሷም የጉድጓዱን ጠርዝ ዳብሳ ታልፋለች። በትልልቆቹ ውድድሮች በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው የሽልማት ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ለዚህ መንቀጥቀጥ እንክብል አለው። ፕሮፕራኖሎል ይባላል። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሐኪም ለደም ግፊትና ለልብ ምት መዛባት ያዝዘዋል፣ ዋጋውም ያን ያህል ኪስ የሚጎዳ አይደለም። አድሬናሊን ልብን «ፍጠን» ብሎ ሲያዝ እንክብሉ ትእዛዙን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ልብ በዝግታ ይመታል፣ የጣት መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። ሯጭ ቢውጠው በገዛ እጁ ራሱን ጎዳ ማለት ነው። ተኳሽ፣ ቀስት ወርዋሪና የጎልፍ ተጫዋች ግን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በ2008 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቤጂንግ ኦሎምፒክ የሰሜን ኮሪያው ተኳሽ ኪም ጆንግ ሱ የብርና የነሐስ ሜዳሊያውን የተነጠቀው ይኸው መድኃኒት ሽንቱ ውስጥ ስለተገኘ ነው። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዋዳም ቤታ ብሎከርን በውድድር ወቅት ከሚከለክልባቸው ጥቂት ስፖርቶች መካከል ጎልፍን በስም ይጠቅሳል።

አበረታች ቅመም ሲባል ለእኛ አገር አንባቢ ቶሎ የሚታየው የረጅም ርቀት ሯጭና ደሙ ነው። ጎልፍ፣ ያ ኮፍያ አድርገው ዝግ ብለው የሚራመዱበት፣ ዕቃቸውን ሌላ ሰው የሚሸከምላቸው ሰዎች ጨዋታ፣ ከዚህ ወሬ ጋር ምን አገናኘው ያሰኛል። የጎልፍ ባለሥልጣናት ራሳቸውም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። መልሳቸው ግን ከስንፍና ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ከኩራትም ጭምር ነው።

ኩራቱ ምንጭ አለው። በ1925 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ላይ ቦቢ ጆንስ ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ትንሽ የተንቀሳቀሰች መሰለው። ያየ ሰው አልነበረም። ዳኞቹ ጠየቁ፣ ተመልካቹን አነጋገሩ፣ አንድም ምስክር አላገኙም። ጆንስ ግን ተንቀሳቅሳለች ብሎ ድርቅ አለ፤ አንድ ምት በራሱ ላይ አስጨመረ። ውድድሩ ሲያልቅ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፣ በተደረገው የመለያ ጨዋታም ተሸነፈ። ያቺን አንዲት ምት ባይናገርባት ኖሮ ዋንጫው የእሱ ነበር። ጎልፍ ከዚያ ወዲህ ስለ ራሱ ሲናገር ይህን ታሪክ ሳያነሣ አያልፍም፤ እውነትም የሚያኮራ ታሪክ ነው። ተጫዋች በራሱ ላይ የሚመሰክርበት ጨዋታ ሌላ ብዙ የለም።

ከዚህ ኩራት ተነሥተው የአሜሪካው የባለሙያ ጎልፈኞች ውድድር አዘጋጅ፣ ፒጂኤ ቱር፣ ኮሚሽነር የነበሩት ቲም ፊንቼም ምርመራ አስፈላጊ ስለመሆኑ ለዓመታት ሲያመነቱ ቆዩ። ተጫዋቾቻችን ሕግ ያከብራሉ፣ ችግር ስለመኖሩም ማስረጃ የለም ይሉ ነበር። ያልመረመረ ሰው ማስረጃ ከየት እንደሚያገኝ ግን አይነግሩንም።

ጸጥታውን ያደፈረሱት ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር ናቸው። በሐምሌ 2007 በስኮትላንድ ካርኑስቲ፣ የብሪታንያ ኦፕን ሊጀመር ሲል፣ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጠው አበረታች ቅመም የሚጠቀሙ ጎልፈኞች መኖራቸውን አውቃለሁ አሉ። ቢያንስ አሥር ይሆናሉ፤ አንዱም ራሱ ነግሮኛል፣ ስሙን ላላወጣ ግን ቃል ገብቻለሁ ብለው አረፉት። የ71 ዓመት አዛውንት፣ ዘጠኝ ትልልቅ ዋንጫ ያነሡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ስለ ስፖርትና ስለ አመጋገብ የሰበኩ ሰው ናቸው። ስም ሳይጠሩ ስንቱን ያስጠረጥራሉ ተብለው ተወቀሱ፤ ወቀሳውም ፍትሐዊ ነበር። ሆኖም ነገሩ ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚሸፈን አልሆነም። የሴቶቹ ማኅበር ኤልፒጂኤ በ2008 መጀመሪያ ምርመራውን ጀመረ፤ ፒጂኤ ቱርና የአውሮፓው ቱር በዚያው ዓመት ሐምሌ ተከተሉ።

መረቡ ተጣለ ማለት ነው። መጀመሪያ የያዘው ሰው ግን ማንም የጠበቀው ዓይነት አልነበረም።

ዳግ ባሮን የሜምፊስ ልጅ ነው። ፒጂኤ ቱር ላይ ዓመታት ተጫውቶ አንድም ዋንጫ አላነሣም፤ በ2009 ወደ ሁለተኛው እርከን ወርዶ የሚፍጨረጨር፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ከጎልፍ ወዳጆችም ብዙዎቹ ስሙን የማያውቁት ሰው ነበር። ገና በ18 ዓመቱ የልብ ቫልቭ ችግር ተገኝቶበት ሐኪም ፕሮፕራኖሎል አዝዞለታል፤ ያን ጊዜ ጎልፍ ውስጥ ስለ ቤታ ብሎከር የሚጠይቅ አልነበረም። በ2005 ደግሞ ሰውነቱ በቂ ቴስቶስትሮን እንደማያመነጭ ተነገረውና እሱንም በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ጀመረ።

ምርመራው ሲመጣ ባሮን አልተደበቀም። የቱሩ ደንብ ሕመም ያለበት ተጫዋች የተከለከለ መድኃኒት በፈቃድ እንዲወስድ በር ይከፍታልና ለሁለቱም መድኃኒቶች አመለከተ። ለሁለቱም ተከለከለ። ሃያ ዓመት የለመደውን የልብ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲተው ተነገረው። ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ቤታ ብሎከር ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ልቡ ሊታወክ እንደሚችል ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። በሰኔ 2009 በተወለደበት ከተማ በሚደረገው የሴንት ጁድ ውድድር ላይ ተጫወተ፣ ማጣሪያውን ሳያልፍ ቀረ፣ ሽንት ስጥ ተባለ። ሁለቱም መድኃኒቶች ተገኙበት። በኅዳር ወር ስሙ ለዓለም ወጣ፤ በፒጂኤ ቱር ታሪክ በአበረታች ቅመም የታገደ የመጀመሪያው ተጫዋች፣ ለአንድ ዓመት።

እዚህ ላይ ቱሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ቴስቶስትሮን ጡንቻ ይገነባል፣ ከድካም ቶሎ ያስነሣል። «ሐኪሜ ነው ያዘዘልኝ» የሚለው ቃል ደግሞ በብስክሌት ዓለም ስንት ማጭበርበር እንደሸፈነ የታወቀ ነው። ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ለሚያምነው ሁሉ በሩን ቢከፍት ሕጉ ወንፊት ይሆናል። ሆኖም የባሮንን ጉዳይ ስመለከተው አንድ ነገር አልዋጥልህ ይለኛል። አጭበርባሪ የሚወስደውን መድኃኒት አስቀድሞ በጽሑፍ አያስመዘግብም። ይህ ሰው ሁለቱንም መድኃኒቶች ምርመራ ሳይመጣበት በፊት በራሱ ማመልከቻ አሳውቋል። የኮሚቴው ሐኪሞች ስሙንም፣ ሕመሙንም፣ መድኃኒቱንም ያውቁ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ጥርስ እንዳለው ለማሳየት የተመረጠ ባይሆንም፣ ውጤቱ ግን ከዚያ አልራቀም።

ባሮን ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው እገዳው ለጊዜው እንዲነሣለት ያቀረበውን ጥያቄ አልተቀበሉትም፤ በኋላ ክሱ በስምምነት ተቋጨ። ከዚያ አሥር ዓመት ግድም ማንም አላስታወሰውም። በ2019 ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ወደ አንጋፋዎቹ ቱር ገባ። በነሐሴ ወር ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በኤንዲኮት ወደ ተደረገው ውድድር ለመግባት እንኳ ሰኞ ዕለት በሚደረገው ማጣሪያ ማለፍ ነበረበት። አለፈ፤ እሑድ ዕለት ፍሬድ ካፕልስን በሁለት ምት ቀድሞ ዋንጫውን ወሰደ። እስከዚያ ድረስ በባለሙያነት ዘመኑ ከሁሉ ትልቁ ድል ያ ነበር።

የምርመራውን ነገር በቅርብ ሳያዩ ስለ ሕጉ ማውራት ግን ይከብዳል። ዓለም አቀፉ አሠራር እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ውጤቱን ፈርሞ ሲወጣ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ይቀርበዋል፤ ለምርመራ ተመርጠሃል ይለዋል፣ ወረቀት ያስፈርመዋል። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ከዓይኑ አያርቀውም። ለጋዜጠኛ መልስ ሲሰጥ ከጎኑ ነው፣ ጫማ ሲቀይር ከጎኑ ነው። ወደ ምርመራው ክፍል ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ የታሸጉ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ያነሣል፣ ማሸጊያው አለመነካቱን ያረጋግጣል። መጸዳጃ ክፍል አብሮት የሚገባው ተመልካች ጾታው አንድ መሆን አለበት። ሸሚዝ እስከ ደረት ይሰበሰባል፣ ሱሪ እስከ ጉልበት ይወርዳል፣ እጅጌ ይጠቀለላል፤ ሰውዬው ሽንቱ ከሰውነት ሲወጣ በዓይኑ ማየት አለበት። ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ከዚያ ተጫዋቹ በራሱ እጅ «ሀ» እና «ለ» በተባሉ ሁለት ብልቃጦች ያከፋፍለዋል። ክዳኖቹ ሲጠመዘዙ ጠቅ ጠቅ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑ ሳይሰበር እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ሽንቱ ቀጥኖ ከተገኘ እንደገና ነው። መጠኑ ካነሰም እንደገና ነው። አምስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ውሎ ላብ ሆኖ ያለቀ ሰው ውኃ እየጠጣ ይጠብቃል፤ ውኃው ሲበዛ ደግሞ ሽንቱ ይቀጥንበታል። ይህ የሚያሳፍር ነው የሚል አለ። ያሳፍራል፤ ግን ከዚህ የቀለለ አሠራር ሲሞከር የሌላ ሰው ሽንት በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ የሚገባ ስለማይጠፋ ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው።

አውስትራሊያዊው ማርክ ሄንስቢ የወደቀው ምንም ሳይገኝበት ነው። በጥቅምት 2017 ሚሲሲፒ ውስጥ በሳንደርሰን ፋርምስ ሻምፒዮና ላይ ክፉኛ ተጫውቶ ተበሳጭቶ ሲወጣ መርማሪው ጠራው። እንደ ራሱ አባባል ገና ከሜዳ ሳይወጣ ሽንቱን ሸንቶ ነበርና መጠበቅ ሊኖርበት ሆነ፤ አልጠበቀም፣ ትቶ ሄደ። ናሙና አለመስጠት እንደ መገኘት ይቆጠራል። አንድ ዓመት ታገደ። በ2004 ጆን ዲር ክላሲክን ያሸነፈ፣ 46 ዓመት የሞላው ሰው ነበር፤ የሠራው የማይረባ ውሳኔ መሆኑን በኋላ ራሱ አምኗል። ሕጉ ግን እዚህ ላይ ትክክል ነው። መሄድ ቢፈቀድ ኖሮ ሁሉም ይሄድ ነበር።

ከሁሉ አስቂኙ ግን በአጋዘን ቀንድ ሰበብ የተከሰሰው የቪጃይ ሲንግ ታሪክ ነው።

ሲንግ የፊጂ ሰው ነው፤ ሦስት ትልልቅ ዋንጫ ያነሣ፣ በ2004 ዘጠኝ ውድድር አሸንፎ ከዓለም አንደኛ የተባለ፣ ልምምድ ሜዳ ላይ ጀምበር እስክትጠልቅ የሚቆም ሰው። በጥር 2013 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት በአላባማ ጂም ጀርባ ተቋቁሞ ለስፖርተኞች ልዩ ልዩ «ተአምር» ስለሚሸጥ ስዋትስ ስለተባለ ድርጅት ሰፊ ዘገባ አወጣ። ከዕቃዎቹ አንዱ ምላስ ሥር የሚረጭ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ ፈሳሽ ነበር። ቀንዱ ገና ለስላሳ ፀጉር ለብሶ ሲያድግ የሚቆረጥ ነው፤ አጋዘን በየዓመቱ ያን የሚያህል ቀንድ በጥቂት ወራት የሚያበቅልበት የዕድገት ሆርሞን፣ አይጂኤፍ-1 የተባለው፣ ውስጡ አለ ይባላል። መጽሔቱ እንደጻፈው ሲንግ ለድርጅቱ 9,000 ዶላር ከፍሏል፤ ፈሳሹን እንደሚረጭም ለጋዜጠኛው ራሱ ተናግሯል። ጉልበቱንና ጀርባውን የሚያመው፣ ሃምሳ ሊሞላው ሳምንታት የቀሩት ሰው ነበርና ለውጡን እየጠበቀ ነበር።

አይጂኤፍ-1 የተከለከለ ነው። ሲንግም የተከለከለ ነገር ይኖርበታል ብዬ አላሰብኩም ብሎ ወዲያው መግለጫ አወጣ፤ ጠርሙሱንም ለምርመራ ሰጠ። ቱሩ 90 ቀን ቀጣው፤ ሲንግ ይግባኝ አለ፣ እስከዚያው ያገኘው ሽልማት ተለይቶ ተቀመጠ። በሚያዝያ መጨረሻ ነገሩ ተገለበጠ። ዋዳ በሆርሞኑ ላይ ያለው ክልከላ እንዳለ ሆኖ፣ ተጫዋቹ ተመርምሮ እስካልተገኘበት ድረስ ፈሳሹን መጠቀም ብቻውን እንደ ጥፋት እንደማይቆጠር ለቱሩ አሳወቀ። ለነገሩ ይህን ሆርሞን አፍ ውስጥ ረጭቶ ወደ ደም ማስገባት የማይመስል ነገር መሆኑን የዘርፉ ተመራማሪዎች ዘገባው ከወጣ ጀምሮ ሲናገሩ ነበር። ቱሩ ክሱን ጣለው።

ሲንግ ግን አልጣለውም። የፕሌየርስ ሻምፒዮና ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያውም ውድድሩ የሚደረገው በቱሩ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ በፍሎሪዳ ፖንቴ ቬድራ ሆኖ ሳለ፣ ቱሩን ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዋዳን አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ብትጠይቁ ኖሮ ስሜ አይጠፋም ነበር ነው ክርክሩ። ጠበቆች ከአምስት ዓመት በላይ ተከራከሩ፤ በኅዳር 2018 በስምምነት አለቀ፣ የስምምነቱ ዝርዝርም አልወጣም። ነገሩ አስቂኝ ነው፤ አጋዘን፣ ፈሳሽ፣ ዘጠኝ ሺህ ዶላር። ከሳቁ በኋላ የሚቀረው ግን ይህ ነው፦ ባሮን የሲንግን ያህል ገንዘብ አልነበረውም፣ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ቤቱ ተቀምጦ ጨረሰ። ሲንግ ገንዘብም ስምም ነበረውና አንድም ቀን ሳይታገድ ወጣ። አንዱ የሚፈልገው መድኃኒት ነበር፣ ሌላው የገዛው ተስፋ።

ሌሎቹ ሁለቱ በራሳቸው ላይ የመሰከሩ ናቸው። ስኮት ስቶሊንግስ ሦስት ጊዜ ፒጂኤ ቱር ላይ ያሸነፈ ተጫዋች ነው። የማያቋርጥ ድካም ሲጥለው ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙ ዲኤችኢኤ የተባለ ንጥረ ነገር አዘዘለት። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ የሚገዛ፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ቴስቶስትሮን ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ተመርምሮ እንኳ አልተገኘበትም። በኋላ የተከለከሉትን ዝርዝር ሲያይ የንጥረ ነገሩን ስም አገኘው፤ ሄዶም ለቱሩ ራሱ ተናገረ። በሐምሌ 2015 ሦስት ወር ታገደ። ካናዳዊው ብራድ ፍሪችም ክብደት ለመቀነስ በጀመረው ፕሮግራም ውስጥ ያንኑ ዲኤችኢኤ አግኝቶ ራሱን አጋለጠ፤ እሱም ሦስት ወር። ቦቢ ጆንስ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ስለ ምርመራው እጠይቃለሁ፤ ብልቃጡ ያላየውን ተጫዋቹ ከነገረን ብልቃጡ የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ ጮክ ብሎ ያነሣው ከውስጥ የወጣ ሰው ነው። ጎልፈኛው ሮሪ ማኪልሮይ በሐምሌ 2016 በሮያል ትሩን ሜዳ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን የተመረመረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአሜሪካ ኦፕን፣ መሆኑን አስታወቀ። ምርመራው በሽንት ብቻ ስለሆነ የሰው ዕድገት ሆርሞን ቢወስድ ማንም እንደማይደርስበትም ሳይሸሽግ ተናገረ። እውነቱን ነው። ያን ሆርሞን ለመያዝ ደም ያስፈልጋል፣ ደምም ቢሆን ቶሎ ካልተወሰደ ያመልጣል። ቱሩ ምርመራ ከጀመረ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር።

ያ ዓመት ጎልፍ ከ112 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰበት ነው። ለሪዮ የታጩት ተጫዋቾች ከግንቦት ጀምሮ ለ13 ሳምንታት በዓለም አቀፉ ሥርዓት ሥር ወደቁ፤ የት እንደሚያድሩ ማሳወቅ፣ ደም መስጠት፣ ቤታቸው በር ሲንኳኳ መክፈት ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከበዳቸው። ሱሉልታ ላይ ልምምድ ለሚሠራ ማራቶን ሯጭ ግን ይህ የዓመት ሙሉ ኑሮው ነው። በዓለም አቀፉ የምርመራ መዝገብ ውስጥ የገባ አትሌት ለእያንዳንዱ ቀን መርማሪ የሚያገኘውን አንድ ሰዓት አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ ወይም መረጃውን ካዛባ፣ ምንም ሳይወስድ እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳል። የ2019 የመቶ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ክርስቲያን ኮልማን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ያመለጠው በዚሁ ነው። በዚያው በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ምርመራቸውን አጠናክሩ ብሎ በስም ከጠራቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጥሪው የሚያሳፍር ቢመስልም ብዙ ነገር አስተካክሏል። የእኛ ሯጭ በዓመት ከሚያገኘው ብር ስንት እጥፍ በአንድ እሑድ የሚያገኝ ጎልፈኛ ግን በዚያው ዘመን ሐምሌ ደርሶ የተመረመረው አንድ ጊዜ ነበር።

በጥቅምት 2017 ቱሩ ነቃ። የደም ምርመራ ጀመረ፣ የተከለከሉ ቅመሞች ዝርዝሩን ከዋዳ ጋር አስተካከለ፣ በአደንዛዥ ዕፅ የሚታገዱትንም ስም ይፋ ማድረግ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ በዕፅ የተቀጣ ተጫዋች በጸጥታ ይጠፋል፣ በጸጥታ ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ የጠፋውን ሁሉ ሰው በሐሜት ሲያማ ይከርማል። ይፋ መደረጉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ያወጣው የመጀመሪያ ፍሬ ካናቢስ ነው። በመጋቢት 2019 ሮበርት ጋሪገስ ሦስት ወር፣ በጥቅምት ማት ኤቭሪ 12 ሳምንት። ሁለቱም በሐኪም የታዘዘላቸው ነው። ኤቭሪ የፍሎሪዳ ሰው ነው፤ የቱሩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ፍሎሪዳ ካናቢስን በሐኪም ትእዛዝ ከፈቀደ ቆይቷል። ካናቢስ ኳስ ያርቃል የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ጡንቻውስ? የፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች የመክፈቻ ምታቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአማካይ 260 ያርድ ገደማ ነበር፤ ዛሬ 300 ገደማ ደርሷል። አብዛኛው የዱላውና የኳሱ ሥራ ነው፤ ክብደት ማንሣትም አለበት። ይሁንና ርቀት ገንዘብ በሆነበት ጨዋታ፣ ከጉዳት ቶሎ የሚያስነሣ መርፌ ባለበት ዘመን፣ ፈተናው ወደ ጎልፍ ሜዳ ዝር አይልም ብሎ የሚያምን ሰው የሰውን ልጅ ረስቷል። ይህን ስል በማንም ላይ ጣት እየቀሰርኩ አይደለም። እዚህ ስማቸውን ያነሣኋቸውን የተቀጡ ጎልፈኞች ብቻ እዩ፤ ሲቀጡ ከዓለም አሥር ምርጦች አንዱ የነበረ የለም። አንድ የታመመ፣ አንድ የተበሳጨ፣ ሁለት ራሳቸውን ያጋለጡ፣ ሁለት በሐኪም ካናቢስ የወሰዱ።

ይህን ዝርዝር የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። ጎልፍ ንጹሕ ነው፣ ወይም መረቡ ቀዳዳው ሰፊ ነው። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የማንችለው ምርመራውን የሚያዘው፣ ከሳሹና ቀጪው አንድ አካል ስለሆነ ነው። ያ አካል ደግሞ ተጫዋቾቹ ሲደምቁ የሚያተርፍ፣ ሲዋረዱ የሚከስር ነው። ፒጂኤ ቱር የዋዳን ደንብ የፈረመ ድርጅት አይደለም፤ ዝርዝሩን ተውሶ ቁልፉን ግን ኪሱ ውስጥ አስቀርቷል። ይህን የምለው የሚመሩትን ሰዎች በመጠርጠር አይደለም። የትኛውም ቤት የራሱን ልጅ ሲመረምር እንዲሁ ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዩሳዳ የእያንዳንዱን ኦሎምፒክ አትሌት ስምና ስንት ጊዜ እንደተመረመረ ለማንም ሰው ክፍት አድርጎ ያወጣል። ፒጂኤ ቱርም ምርመራውን ማዘዙንና ፍርዱን ለውጭ አካል ያስረክብ፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች የምርመራ ብዛት በስም ያውጣ። የሚፈሩት ነገር ከሌለ የሚያጡት የለም።